የግርጌው ቀን

የከተማው ዜና መዋዕል እንዲህ ይላል፦ «የላይኛው ድልድይ ጠባቂ፣ ጠላት ገና ከሩቅ ሳይታይ ልቡ ከዳውና፣ ማንም ሳያዘው ድልድዩን በእሳት ለኮሰ። በማዶ የቀሩት ወገኖቻችንም የጠላት ሲሳይ ሆኑ።»

የታሪክ መምህሩ አዲስ መጽሐፍ፣ ምዕራፍ ስድስት ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ጠባቂው በራሱ ፈቃድ ያደረገው ነገር የለም። ምክር ቤቱ በወሩ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ባሳተመው ማስታወቂያ፣ ጠላት ሲቃረብ ድልድዮች ሁሉ እንዲቃጠሉ አዝዞ ነበር። ጠባቂው በአሥራ ሦስተኛው ቀን የፈጸመው ይህንኑ ትእዛዝ ነው።»

አራሚዋ የመጀመሪያውን በቃሏ ታውቀዋለች። ሁለተኛውን ከሦስት ቀን ወዲህ አሥር ጊዜ አንብባዋለች። አሁን ከማተሚያ ቤቱ ዕቃ ቤት በጠባቡ የእንጨት ደረጃ እየወረደች ነው። በግራ ክንዷ ሥር ሠላሳ አንድ ዓመት አቧራ የጠገበ የማስታወቂያ ጥራዝ ሸጉጣለች፤ በቀኝ እጇ መደገፊያውን አጥብቃ ይዛለች። 

የድልድዩ ጠባቂ አባቷ ነው።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ያንን የዜና መዋዕል ገጽ በክፍሏ ፊት ቆማ ጮክ ብላ እንድታነብ ተደርጋ ነበር። አስተማሪዋ ክፋት አልነበራትም፤ ተራው የእሷ ስለሆነ ብቻ ነው። «ለኮሰ» የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ ከኋላ ወንበር አንዱ «ክብሪት» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቷ በሰፈሩ ክብሪት ነው፤ እሷ የክብሪት ልጅ። አሁን የራሷ ሴት ልጅ ሦስተኛ ክፍል ናት። ያ ገጽ በአራተኛ ክፍል ነው የሚነበበው።

ለዚህ ነው የመምህሩ መጽሐፍ ወደ ማተሚያ ቤቱ ሲመጣ ሌላ አራሚ እንዳይነካው የለመነችው። የሊቃውንቱ ጉባኤ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ይሰበሰባል፤ ለዘንድሮው የቀሩት አሥራ አንድ ቀናት ናቸው። ጉባኤው ከተቀበለው የመምህሩ መጽሐፍ ዜና መዋዕሉን ተክቶ ትምህርት ቤት ይገባል።

ደረጃው ሲያልቅ የማተሚያው ድምፅ ተቀበላት። አታሚው የመጽሐፉን አምስተኛ ክፍል የመጨረሻ ወረቀቶች እያወጣ ነበር፤ ክንዱ ሲጎትት ማተሚያው ይቃትታል፣ ሲለቀው ይተነፍሳል። ይህ ሰው አፉ አያርፍም፤ ስለዚህ ሁሉም ዝምታ እያሉ ይጠሩታል።

«የታተመውን ሁሉ ጥለሽ አቧራ ልትበዪ ወጣሽ?» አላት። «እኔ መስሎኝ ነበር ጣሪያው ወርዶብሽ ልንቆፍርሽ ነው። አካፋውን ሁሉ አዘጋጅቼ።»

«አካፋህን ያዘው፤ ሳያስፈልግ አይቀርም።»

«ኧረ ፊትሽ! ምን አየሽ እዚያ፣ አይጥ?»

አልፋው ሄደች። በድንጋዩ ጠረጴዛ ላይ ምዕራፍ ስድስት ያለበት የስድስተኛው ክፍል ፊደል በብረት ክፈፍ ታስሮ፣ ቀለም ሳይነካው ይጠብቃል፤ አሥራ ስድስት ገጽ፣ ግልብጥ። ማተሚያ ቤቱ ያለው የእርሳስ ፊደል ከሁለት ክፈፍ አያልፍም። ስለዚህ አንዱ ክፍል ስምንት መቶ ጊዜ ከታተመ በኋላ ይፈታል፣ ፊደሉ ታጥቦ ወደየሳጥኑ ይመለሳል፣ ከዚያ ቀጣዩ ይለቀማል። የተፈታ ክፍል ተመልሶ አይታረምም። በዚህ ምክንያት የቤቱ ሕግ ጥብቅ ነው፤ አንድ ክፍል ማተሚያ ላይ ከመውጣቱ በፊት በማረሚያው ወረቀት ግርጌ ሁለት ሰው ይፈርማል። መጀመሪያ አራሚዋ፣ ቀጥሎ ደራሲው። መምህሩ ለመፈረም አሥር ሰዓት ላይ ይመጣሉ። የግድግዳው ሰዓት ዘጠኝ ከሩብ ይላል።

አለቃ ከፊደል ሳጥኖቹ ፊት ቆመው ነበር። የማተሚያ ቤቱ አለቃ ናቸው፤ በሃያ ሁለት ዓመታቸው ፊደል ለቃሚ ሆነው ገብተው፣ ዛሬ ሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። ጣቶቻቸው ጫፋቸው ድረስ እርሳስ መስለዋል። ጥራዙን ከክንዷ ሥር ሲያዩ እጃቸው በሳጥኑ ላይ ቆመ።

«እሱን ከየት አወጣሽው?»

«ከቦታው ነዋ፣ አለቃ። ጥቅስ ሲኖር ከዋናው ጋር አመሳክሪ ያሉኝ እርስዎ አይደሉ? መምህር የገለበጡት ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው፣ ከመዝገብ ቤቱ ቅጂ ነው። ዋናውን ያተምነው ግን እኛ ነን።»

«ታዲያ ጥቅሱ ልክ ነው?»

«አንድ ፊደል አልጎደለም።»

«እንግዲያው መልሺው።»

ጥራዙን በድንጋዩ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አስቀምጣ ገለጠችው። ማተሚያ ቤቱ ካተመው ሁሉ አንድ ቅጂ ያስቀራል፤ ሥራው ወደ ቤቱ በመጣበት ተራ በቀኝ ጥግ ላይ በእርሳስ ቁጥር ይጻፍበታል። ይህ ቁጥር ከቤቱ አይወጣም፤ ግድግዳ ላይ በሚለጠፈው ላይ የለም።

«ይቺን ይዩልኝ» አለች። «የመብራት ማጥፊያ ሰዓት ማስታወቂያ። ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አንድ። ቀኑ አሥራ ሁለት። ይቺ የጉድጓድ ውኃ። ሁለት መቶ አሥራ አራት፤ ቀኑ አሥራ አራት። ይቺ ደግሞ የድልድዩ።» ጣቷን ጥጉ ላይ አሳረፈች። «ሁለት መቶ አሥራ ዘጠኝ። ቀኑ አሥራ ሁለት። እንዴት ነው፣ አለቃ? ከአሥራ አራተኛው ቀን በኋላ የመጣ ሥራ እንዴት የአሥራ ሁለተኛውን ቀን ይይዛል?»

አለቃ አልጎነበሱም። ማየት አላስፈለጋቸውም።

«ዝምታ» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ሂድና ወረቀቱን ከዝናቡ አርቅ።»

«ወረቀቱማ ከዝናብ—»

«አርቅ አልኩህ።»

ዝምታ እያጉረመረመ ወደ ጓሮው በር ሄደ።

«ያን ሳምንት የተኛነው እዚህ ማተሚያው ሥር ነው» አሉ አለቃ። «የከተማው ጦር አዛዥ የነበረው ሻለቃ በየሰዓቱ ወረቀት ይልክብናል፤ ይህን አትሙ፣ ያን አትሙ። የምክር ቤቱን ማኅተም፣ የላዩን አርዕስትና የግርጌውን ቀን ሳንፈታ አቁመነው ነበር። መሐሉን ብቻ ነበር የምንቀይረው። አንዳንዱ ላይ ቀኑን ቀየርኩ፤ አንዳንዱ ላይ ረሳሁ። ያኛው ላይ ረሳሁ። የመብራት ማጥፊያው ግርጌ እንዳለ ሄደ።» ጣቶቻቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። «ማን ያየዋል? ከተማው በሙሉ ቀና ብሎ ጭሱን ነበር የሚያየው።»

«ታዲያ መቼ ነው የታተመው?»

«በአሥራ ስድስተኛው። የላይኛው ድልድይ ከተቃጠለ በሦስተኛው ቀን። ጠላት በዚያ በኩል መሻገር ሲያቅተው ወደ ታችኛው ድልድይ ዞረ። ሻለቃው አባትሽ ያደረጉትን አይቶ ነው የታችኛውን ጠባቂ እንዲያቃጥል በዚህ ማስታወቂያ ያዘዘው።»

«አይቶ» አለች አራሚዋ።

«አይቶ።»

«ከዚያ በኋላ ያው ምክር ቤት አባቴን ፈሪ ብሎ ጻፈው።»

«ማዶ የቀሩት ሰዎች ዘመዶች ምክር ቤቱ በር ላይ ተቀምጠው ነበራ። አንድ ተጠያቂ መገኘት ነበረበት።»

ማተሚያው ስለቆመ የዝናቡ ድምፅ ጎልቶ ይሰማል። አራሚዋ ከጠረጴዛው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ጠረጴዛው ተመላለሰች። እጇን የት እንደምታደርገው አጣች፤ መጎናጸፊያዋን አጥብቃ አሰረችው፣ ፈታችው፣ መልሳ አሰረችው።

«እኚህ ሰው መጽሐፋቸውን ሙሉ በዚህ ቀን ላይ ነው የሠሩት» አለች።

«አንድ ምዕራፍ ነው።»

«ሁሉም ስለዚህ ምዕራፍ ነው የሚያወራው፣ አለቃ። እርስዎም ያውቃሉ።»

«ስሚኝ ልጄ።» አለቃ ቀረብ አሉ። «አባትሽ ስንት ዓመታቸው ነው? ሰባ ስምንት? በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ በዚያ ሰፈር በቀና ፊት ሰላም ያላቸው ስንት ነው? እናትሽ እንኳን ሲሞቱ ለቀስተኛው በጣት የሚቆጠር ነበር። ይቺን ምዕራፍ ብቻ ይዘው ይሂዱ። ማንን ይጎዳል? ሻለቃው ሞቷል። ምክር ቤቱ ሁለት ጊዜ ፈርሶ ተሠርቷል። ውሸት ጻፊ አላልኩሽም። የታተመ ወረቀት አለ፣ ቀን አለበት። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፣ ኃጢአቱ የኔ ይሁን።»

ከኪሳቸው ቁራጭ ላጲስ አወጡና ጥራዙ ላይ፣ ከቁጥሩ አጠገብ አስቀመጡት።

«እርሳስ ነው» አሉ። «ብዙ አያስቸግርም።»

ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ሳጥኖቻቸው ተመለሱ፤ ፊደል እየለቀሙ አንድ በአንድ ከመልቀሚያው ብረት ላይ ደረደሩ። ኮሽ፣ ኮሽ። ለምን እንደሚለቅሙ የሚያውቁ አይመስሉም ነበር።

አራሚዋ በጠረጴዛዋ ተቀመጠች። ሰዓቱ ለአሥር ሃያ ጉዳይ ይላል።

ዛሬ ጠዋት ገጹን ለአባቷ አንብባለት ነበር። እሱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ ልጇ ጫማውን እያሰረችለት። «ጠባቂው የፈጸመው ይህንኑ ትእዛዝ ነው» የሚለው ላይ ስትደርስ ቀና አለ።

«ማን ነው የጻፈው?»

«መምህሩ፣ አባዬ። ትልቅ ሊቅ ናቸው።»

«ትእዛዝ ነበር ይላል?»

«አዎ። የታተመ።»

አባቷ ወደ በሩ አየ። ከዚያ «እኔ ወረቀት አላየሁም» አለ። ቀጥሎ ኮቱን እንድትቦርሽለት ጠየቃት። ከቤት ካልወጣ ስንት ዓመቱ ነው፤ ኮት ምን ይሠራለታል? በደስታ ነው ብላ ቦረሸችው። ወረቀት አላየሁም ያለውን ደግሞ እርጅና ነው፣ ይረሳል ብላ አለፈችው። እሱ ግን መልስ እየሰጣት ነበር። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ስለ ድልድዩ የተናገራት ብቸኛ አረፍተ ነገር ነበር፤ እሷ አልሰማችውም።

ለልጇ ቃል ገብታለች። በሚቀጥለው ዓመት ስታነቢ ሌላ መጽሐፍ ነው የሚሆነው ብላታለች።

ላጲሱን አነሳች። መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ ጨከን ብላ ዘጠኙን ፋቀችው። ቶሎ ለቀቀ። ሁለት መቶ አሥራ አንድ ማድረግ አይቻልም፣ ያ ቁጥር አለ። ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ግን በጥራዙ ውስጥ የለም፤ ጠፍቷል። በአሥራ አራተኛው ቀን ከታተመው ይቀድማል። ሦስት ቢጻፍበት ሁሉም ነገር ተራውን ይይዛል። እንዴት ቀላል ነው፣ ብላ አሰበች፣ እና እርሳሷን ፈለገች። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ስህተት ስታወጣ የኖረች እጅ እርሳሱን ሳያመነታ አገኘው። ወረቀቱ ላይ ጫፉን ስታሳርፍ ግን የራሷ እጅ ጽሑፍ ታያት፤ በየማረሚያው ወረቀት ግርጌ የምትፈርመው። «ከዋናው ጋር ተመሳክሯል» የሚለው።

በሩ ተበረገደ።

«መጡ!» አለ ዝምታ ከጓሮ በኩል እየገባ። «መምህር መጡ። ጃንጥላቸው ከእሳቸው በፊት ነው የገባው።»

መምህሩ ጃንጥላቸውን ሳያጥፉ ገቡ፤ በሩ ስለያዛቸው ከራሳቸው ጃንጥላ ጋር ታገሉ። ቁመታቸው አጭር፣ ኮታቸው ረጅም ነው፤ ቆመው ማውራት አይሆንላቸውም። ገና ሰላም ሳይሉ ሁለት ጊዜ ጠረጴዛውን ዞሩት።

«ሰማችሁ? የጉባኤው ሊቀመንበር ከሁሉም ምዕራፍ ስድስትን አስቀድሞ ሊያነብ ነው። ከሁሉም በፊት! የዜና መዋዕሉ ሰዎች ትናንት ማታ እንቅልፍ አልወሰዳቸውም አሉ። በሉ ብዕር ስጡኝ። አንቺ ፈርመሻል?»

«ገና ነው፣ መምህር።»

«ፈርሚ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» ፊታቸው ለሰለሰ። «አባትሽ ሰሙት?»

«አነበብኩለት።»

«ምን አሉ?»

አለቃ ከሳጥኖቹ ዘንድ መልቀም አቆሙ። አራሚዋ ጥራዙን አንስታ መምህሩ ፊት አኖረችው።

«መምህር፣ የሚጠቅሱት ማስታወቂያ የታተመው በአሥራ ሁለተኛው ቀን አይደለም። በአሥራ ስድስተኛው ነው። ድልድዩ ከተቃጠለ በኋላ።» ቁጥሮቹን በጣቷ አንድ በአንድ እየነካች አስረዳቻቸው፤ የቆመውን ግርጌ፣ የተረሳውን ቀን። የአለቃን ስም አላነሳችም።

«እኔ ነኝ የረሳሁት» አሉ አለቃ ከነበሩበት ሆነው።

መምህሩ መነጽራቸውን አድርገው አጎነበሱ። «ይህኛው ላይ ሁለት መቶ አሥራ ብቻ ነው ያለው። መጨረሻው ተፍቋል።»

«ዘጠኝ ነበር። እኔ ነኝ የፋቅሁት። አሁን፣ እርስዎ ከመግባትዎ በፊት።» እርሳሷን አነሳችና በፊታቸው ዘጠኙን መልሳ ጻፈች። ጅራቱ ጠመመ። «ይኸው። ይቺም የኔ እጅ መሆንዋን ይያዙልኝ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ መምህሩ ባሉበት ቆሙ። ከጃንጥላቸው የሚንጠባጠበው ውኃ ጫማቸውን እያራሰ አላወቁትም።

«አንቺ» አሉ በመጨረሻ፣ «ልጃቸው ሆነሽ?»

 መምህሩ እንደገና መዞር ጀመሩ፤ አሁን ግን ቀስ ብለው።

«አንድ መንገድ አለ። ‹ማስታወቂያው የአሥራ ሁለተኛውን ቀን ይዟል› እንላለን። ይዟል። ይህ ውሸት አይደለም። አንባቢው የፈለገውን ይረዳ።»

«ውሸት አይደለም፤ እኔ ግን አልፈርምበትም።»

«ታዲያ ምን ልጻፍ?» ድምፃቸው ከፍ አለ፤ ቁጣ አልነበረም። «ይህን ካወጣሁት የሚቀረው ዜና መዋዕሉ ብቻ ነው። እነሱ ያሸነፉ ማለት ነው። ሌላ ወረቀት የለኝም። አሥራ ሁለት ዓመት ፈልጌያለሁ። ሌላ አንድ ወረቀት የለም፣ ገባሽ?»

«ገብቶኛል። መቅድሙን ያረምኩት እኔ አይደለሁ?» አለች። «‹በዘመኑ በተጻፈው ብቻ ተመርቻለሁ፤ በሕይወት ያሉ ሰዎች ትዝታ እንደ ዕድሜያቸው ይጎብጣልና አልተደገፍኩበትም› ይላል። ሳነበው ደስ ብሎኝ ነበር። ጥሩ ተጽፏል። ግን ወረቀቱም ጎበጠ፣ መምህር። እዚሁ፣ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው የጎበጠው።»

«መቅድሙ ታትሟል» አለ ዝምታ። ሁሉም ዞረው አዩት። «ስምንት መቶ። ደርቋል። ዝም ብዬ ነው፤ እንድታውቁት ብዬ።»

መምህሩ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብዕር አዩት። ከዚያ የታሰረውን ክፈፍ፣ ከዚያ ሰዓቱን። አሥራ አንድ ቀን። ምዕራፉን እንደገና መጻፍ፣ መቅድሙን እንደገና ማሳተም፣ ለዚያም የሚበቃ ፊደል ሳይኖር። ጉባኤው ካመለጣቸው አራት ዓመት። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አራሚዋ እየቆጠሩ እንደሆነ ገባት፤ ልታዝንላቸው ስትል ልጇ ትዝ አለቻት፤ በሚቀጥለው ዓመት ቆማ የምታነበው ምን እንደሆነ አሁን እሷም አታውቅም።

«ያለ ትእዛዝ ነው ያደረጉት ብዬ ልጻፍ?» አሉ መምህሩ። «ራሳቸው? ማዶ ሰው እያለ? ይህን ነው የምትፈልጊው?»

አራሚዋ የማረሚያውን ወረቀት ለሁለት አጥፋ፣ ሳትፈርምበት፣ ከጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ አስገባችና ዘጋችው።

«እኔ የምፈልገውን ቢጽፉልኝማ ይኸው የጻፉት ይበቃኝ ነበር» አለች። «ዜና መዋዕሉ ስለ እሱ ጻፈ፤ እርስዎም ስለ እሱ ጻፉ፤ እኔም ልጁ ሆኜ አፌን ሞልቼ ጠይቄው አላውቅም። ዛሬ ጠዋት ኮቱን አስቦርሾኛል፤ ሰው የሚመጣ መስሎታል። አለቃ፣ ስድስተኛውን ይፍቱት። እርስዎም፣ መምህር፣ ነገ በጠዋት እቤት ይምጡና ራሱን ይጠይቁት። የሚለው ነገር እሱንም እኔንም የሚያሳፍር ቢሆን እንዳለው ይጻፉት፤ አራሚዋ እኔ ነኝ፣ አንድ ቃል አላወጣበትም።»